ስልሳኛው ገጽ ላይ የወጣችው እናት

ጥቅምት 9

ይድረስ ለችኩሌ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ባለፈው በስልክ «መጽሐፌን እንዴት አገኘሽው?» ስትዪኝ ሩብ ሰዓት ሙሉ ያወራሁልሽ ጉልበት ማለቴ ነው። ከዚያ በፊት ስትጠይቂኝ ስለ ጎረቤቴ የፈነዳ ቧንቧ አወራሁ። ከዚያም በፊት መስመሩ የተቆረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። አሁን ደግሞ በጽሑፍ መጣሽብኝ። በስልክ ማምለጥ ይቀናኛል፤ ወረቀት ላይ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት የሰው ስሕተት ስለቅም ኖሬ የራሴን ልጨምርበት አልችልም። እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

መጽሐፍሽን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ደጉን ላስቀድም። መዋሸት በሕግ የተከለከለበት ከተማ፤ ሰው ሁሉ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ማኅተም ያለባት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠዋል፤ በዕድሜው አንዴ፣ አንዴ ብቻ እንዲዋሽ የምትፈቅድ። ወረቀቷን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞራል። እስከ ሰማንያ ዓመቱ ሳይነካት የኖረው ሽማግሌ «ለምን እንደማስቀምጣት እኔም ረሳሁ» ሲል ወደድኩት። ዳቦ ጋጋሪዋ በሃያ ዓመቷ የእሷን ለአንድ ደንበኛ አባክናት፣ ዕድሜዋን ሙሉ «ይሄኛው የትናንት ነው» እያለች ስትሸጥ ብቻዬን ሳቅሁ። የዋናዋ ባለታሪክሽ፣ የልጅቷ እናት ደግሞ ወረቀቷን ለማንም አታሳይም፤ ልጅቷ እናቷ ዋሽታ ታውቅ እንደሆነ ሳታውቅ ታድጋለች። እዚህ ላይ ተነሥቼ ቆምኩ። ይቺ ልጅ ይሄንን ከየት አመጣችው አልኩ፤ ኮራሁብሽም።

ከዚያ ስልሳ አንደኛው ገጽ መጣ። ሁለት ጎረምሶች ይዞ ነው የመጣው። አንዱ ዝምተኛ ነው፤ ሌላው ከእሱም የባሰ ዝምተኛ ነው። አንዱ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ጠባሳው ባይኖር ለይቼ አላውቃቸውም ነበርና እግዜር ይስጠው። ቀጥሎ ልጅቷ ትከሻ ላይ ምልክት ተገኘ፤ ስልሳ ገጽ ሙሉ ከተማው ስለ ምልክት ትንፍሽ ሳይል። የከተማው ገዢ ዘጠኝ ገጽ ንግግር አድርጎ ሞተ። የከተማው ግንብ በአራት ገጽ ፈረሰ። ያቺ አሥራ አምስት ዓመት የተጠበቀች አንዲት ውሸትስ? ባለ ጠባሳውን «አልወድህም» ለማለት ዋለች። እሱም አላመናትም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሻል ይሄ ነው። ከመጀመሪያው መጥፎ ቢሆን ኖሮ አሞግሼሽ በሰላም እተኛ ነበር። ስልሳ ገጽ አሳይተሽ ነሣሽኝ፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ።

የምትወድሽ አክስትሽ


ጥቅምት 21

ለተከበሩ አክስቴ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጉልበትዎ ደህና በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

ስለ መጽሐፉ ሌላው ሰው ምን እንደሚል አልጠየቁኝም፤ ቢሆንም ልንገርዎ። ሁለተኛ ጊዜ ታትሟል። በሰባት ትምህርት ቤቶች የንባብ ክበቦች ያነቡታል። አንደኛው ክበብ በሁለቱ ልጆች ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ፣ የባለ ጠባሳው ወገኖች ቀይ ክር፣ የሌላኛው ወገኖች ሰማያዊ ክር አንጓቸው ላይ አስረዋል። አሳታሚው ሁለተኛውን ክፍል እስከ መጋቢት መጨረሻ ይጠብቃል፤ ፈርሜለታለሁ። ከምሠራበት መነጽር ቤት ስወጣ በየቀኑ ሦስት ገጽ እጽፋለሁ።

እኔ የማይገባኝ ለምን ዛሬ እንደሆነ ነው። አምና ኅዳር ላይ ረቂቁን ልኬልዎ ነበር። ሦስት መቶ አሥር ገጽ። በሦስት ሳምንት መለሱልኝ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ፊርማዎ አለ። አንድም አስተያየት ግን የለም። ከ112 እስከ 140 ያሉትን ገጾች ስልክልዎ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። እርስዎ እነዚያ ገጾች ላይ አራት ግድፈት አርመው፣ ፈርመው፣ እንደ ሌላው ገጽ መለሱልኝ። ያኔ ምን እንዳሉኝ ገብቶኛል፤ የታዘዝኩትንም አደረግሁ። ዛሬ ደግሞ ለምን አደረግሽው ይሉኛል።

ሁለቱን ልጆች እወዳቸዋለሁ፤ አላፍርባቸውም። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሦስተኛ እጨምርላቸዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 30

ለተከበሩ ወይዘሪት ደራሲ፤

አንቱታሽ ደርሶኛል። በዘጠኝ ዓመትሽም ስታኮርፊ እንዲሁ ነበርሽ፤ «እርስዎ፣ ሾርባዎ ቀዝቅዟል» ብለሽኝ ሳቄን ለመደበቅ ጓዳ ገብቻለሁ። ሲወጣልሽ ወደ አንቺ ተመለሽ፤ እዚሁ ነኝ።

ለምን ያኔ ዝም አልሽ ላልሽው መልሴ አጭር ነው። አላነበብኩትም።

ቆይ፣ ደብዳቤውን አትወርውሪው። ይሄን ከማተሚያ ቤት ውጭ ላለ ሰው ነግሬ አላውቅም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ልብ ወለድ ሰጡኝ፤ አንዲት ሴት ባቡር ጣቢያ ውስጥ የጠፋ ልጇን ትፈልጋለች። እኔም አብሬያት ስፈልግ አሥራ አንድ ግድፈት አመለጠኝ። አለቃችን ጠራኝና «እዚህ የተቀጠርሽው አብረሽ ልታለቅሺ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት ማረም አስተማረኝ። ከመጨረሻው ገጽ፣ ከመጨረሻው መስመር፣ ከመጨረሻው ቃል ይጀመራል። መሐሉ የተቀደደ ካርቶን አለኝ፤ በቀዳዳው አንድ ቃል ብቻ ይታያል። ታሪኩ እንዳይጎትትሽ ነው። የስልክ ማውጫ በይው፣ የመድኃኒት መመሪያ በይው፣ የፍቅር ልብ ወለድ በይው፣ በዚያ ቀዳዳ ሁሉም እኩል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራሁ፤ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ቀይ እስክሪብቶ ስይዝ እጄ ሌላ አያውቅም።

ያንቺንም እንዲሁ አረምኩት። እንዲያውም የራሴ ልጅ ነገር ነው፣ ልቤ ይሳባል ብዬ ከሌላው አብልጬ ተጠነቀቅሁ። ሦስት መቶ አሥር ገጽ ውስጥ ያለውን ቃል ሁሉ አይቼዋለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን አንዱንም አላውቀውም። ፊርማዬም «እዚህ ገጽ ላይ ግድፈት የለም» ማለት ብቻ ነበር። የምታውቂው መስሎኝ ነው። ዓይኗ እያየ ስፈርም ያሳደግኋት ልጅ ይሄን አታውቅም ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ለዚህ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ስለ ሁለቱ ጎረምሶች ያልኩትን ግን አላነሣም። ሦስተኛውን ከጨመርሽ ደግሞ ለእሱ ብቻ የሚሆን ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።

አሁን ሌላ ነገር አሳስቦኛል። እጄ ላይ ባለው መጽሐፍ 112ኛውን ገጽ ገለጥኩ፤ ልጆቹ ዋሻ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ሁለት ቀን እህል የሚያስከለክል ነገር አላየሁበትም። እኔ የፈረምኩበት 112 ላይ ምን ነበር? ምን ብዬ አዘዝኩሽ?

ደግሞስ እናትየዋ የት ሄደች? ስልሳኛው ገጽ ላይ «ውሃ ላምጣልሽ» ብላ ከክፍሉ ትወጣለች፤ ከዚያ ወዲያ የለችም። ሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት እሷን ስፈልግ ነው።

አክስትሽ


ኅዳር 9

እቴቴ፤

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ነው የከፈትኩት። አንድ ደንበኛ ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። «ከኋላ ወደ ፊት» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቅ አፈነኝ፤ ሰውየው በእሱ የሳቅሁ መስሎት ተቀየመኝ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝና ሌንስ ማጠቢያው ጋ ገብቼ ውሃውን ከፈትኩት። ለመመለስ ይህን ያህል ቀን የፈጀብኝ ለዚህ ነው፤ አንቱታውን ተዪልኝ።

እናትየዋ ውሃ ልታመጣ አልወጣችም። ረቂቁ ውስጥ ስልሳኛው ገጽ ላይ ሐኪም ቤት ትገባለች። 112 ላይ ትሞታለች። እህቷ፣ የልጅቷ አክስት ማለቴ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለቻትን ውሸት ታወጣና ለልጅቷ «እናትሽ እየተሻላት ነው» ትላታለች። ልጅቷ የትምህርት ቤት ፈተና አለባት። ውሸቱ አርባ ሦስት ቀን ይቆያል። ልጅቷ በየቀኑ ደብተሯን እንደያዘች «ዛሬስ?» ትላለች፤ አክስትየው «ዛሬ ትንሽ በልታለች» ትላለች። ልጅቷ አንደኛ ወጥታ ካርዷን ይዛ እየሮጠች ስትመጣ፣ ያኔ ይነገራታል።

ከዚያ ችሎት አለ። አርባ ሦስት ቀን የተነገረ አንድ ውሸት አንድ ነው ወይስ አርባ ሦስት? ከተማው በሙሉ በዚህ ይከራከራል፤ ዳቦ ጋጋሪዋም ሽማግሌውም ይመሰክራሉ። በመጨረሻ ምስክር ሆና የምትቀርበው ልጅቷ ናት።

ይሄንን ከየት እንዳመጣሁት ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ፊርማሽን አየሁ። አንብባዋለች፣ ቃል መናገር እንኳ ተጸይፋለች፣ እንዲወጣ አትፈልግም አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ገጾቹን አወጣኋቸው። የቀረው ባዶ ሲያፈጥብኝ አሳታሚውን አማከርኩት፤ «ወጣት ስለ እናት አያነብም፣ አንድ ጎረምሳ አስገቢበት» አለኝ። አንድ አስገባሁ። ባዶው አልሞላም፤ ሁለት አደረግኋቸው። ለዚህ ነው የማይለዩት።

አንባቢዎቼ ስለ ልጆቹ ይጽፉልኛል፤ ለሁሉም እመልሳለሁ። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብቻ «እናቷ ውሃውን ይዛ ተመለሰች?» ብላ ጻፈችልኝ። ለእሷ ብቻ አልመለስኩም።

ረቂቁን ላኪልኝ እንዳትዪኝ። አልጋዬ ሥር ነው፤ እዚያው ይቀመጥ። ሁለተኛውን ክፍል ጀምሬያለሁ፤ ዋሻው ውስጥ ነኝ።

ችኩሌ


ኅዳር 15

ችኩሌ፤

ላኪልኝ።

እንዳትዪኝ ብለሽ ነበር፤ አልኩሽ። የተከሰሰ ሰው ክሱን የማንበብ መብት አለው፤ ይሄ ባንቺ ከተማ ብቻ አይደለም፣ በየትም ነው። በአደራ ፖስታ አድርጊው፤ የጎረቤቴ ልጅ ፖስታ ቤት ስለምትሠራ ራሷ ታመጣልኛለች። ዋሻ ውስጥ ብዙ አትቆዪ፤ ብርድ ይመታሻል።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 6

የኔ ልጅ፤

ደርሶኛል። «ካነበብሽው በኋላም አትጥዪኝ» ብለሽ ከላይ የለጠፍሽውን ወረቀት አንሥቼ ቀደድኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ አይጻፍም።

አነበብኩት። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ በቀን ብርሃን፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ። አራት ቀን ፈጀብኝ። መጽሐፉ ይሄ ነው። ስልሳ ገጽ አሳይተሽ ነሣሽኝ ያልኩሽን መልሼ ወስጃለሁ፤ የነሣሁሽ እኔ ኖሬያለሁ። ገጽ 126 ላይ ለልጅቷ ሲነገራት «ሞታለች» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የጎደለ አራት ነጥብ አለ፤ በቀይ ቀለም አስገብቼዋለሁ። በራሴ እጅ። አንቺ የእናትሽን ሞት ስትነግሪኝ እኔ ነጥብ አሟላሁልሽ። እዚህ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ፤ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄጄ ተመለስኩ። ለምን እዚያ እንደሄድኩ አላውቅም።

አሁን ክሱን ልመልስ። አዎ፣ አርባ ሦስት ቀን ዋሽቼሻለሁ። ለእህቴ ያለቀስኩት በሥራ ሰዓት፣ ማተሚያ ቤቱ መጸዳጃ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ሲነሣ እጀምራለሁ፣ ሲቆም ፊቴን ታጥቤ እወጣለሁ። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ «ዛሬ ትንሽ በልታለች» እልሻለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ማን እንዳለው አላውቅም፤ የኔ እስከ ዛሬ አልቀለለኝም። ግን አድርጊ ብባል ዛሬም አደርገው ነበር። እጄን አጣጥፌ ይቅር በይኝ አልልሽም። ከትምህርት ቤት ካርዷ ሌላ ምንም የሌላትን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቤቴ ውስጥ ይዤ ነበር፤ የማውቀውን አደረግሁ።

ነገር ግን ረቂቅሽ ውስጥ በቀይ ቀለም ያላረምኩት አንድ ስሕተት አለ። ችሎቱ ላይ ልጅቷ ትቆምና «ዋሺ ብላ ያዘዘቻት እናቴ ናት» ብላ ትመሰክራለች። ዳኞቹም ውሸቱን በሟቿ ወረቀት ይቆጥሩትና አክስትየው በነጻ ትሰናበታለች። አዳራሹ ያጨበጭባል። ሰርዢው።

እናትሽ ምንም አላዘዘችኝም። ያዘዘችኝ ሌላ ነው። በመጨረሻው ሳምንት «ልጄን አምጪልኝ» ብላኛለች። ሁለት ጊዜ ነው ያለችኝ፤ አንዴ በአፏ፣ ማውራት ሲያቅታት ደግሞ በእጇ ቁመትሽን እያሳየችኝ። አላመጣሁሽም። በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላት ነበር፤ ፊቷ እሷን አይመስልም ነበር። እንዲህ ሆና ካየቻት ልጅቷ ትሰበራለች፣ ፈተናዋ ይበላሻል አልኩ። የሦስተኛ ክፍል ፈተና። ትንሽ ሲሻላት፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ አራት ቀን አሳለፍኩ። በአምስተኛው ሄጄ አልጋው ተነጥፎ አገኘሁት።

ይሄን ለአሥራ ሰባት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ውሸቱ አልጸጸትም ብያለሁ፤ ስለዚህኛው ግን ተጸጽቼ አላባራሁም። አንቺ አዝነሽልኝ በነጻ አሰናብተሽኛል። እኔ ደግሞ በእህቴ ስም ነጻ መውጣት አልፈልግም። ስትጽፊ ይሄንን ጻፊ። ካልጻፍሽው ደግሞ ያንን የዘጠኝ ገጽ ንግግር የሚያደርግ ገዢሽን ከሞት አስነሺውና ይቀጥል፤ እኔ ግን አላርምልሽም።

አክስትሽ


ጥር 11

እቴቴ፤

«በሕይወት አለሽ ወይ?» ብለሽ የላክሻቸው ሁለቱም ፖስት ካርዶች ደርሰውኛል። አለሁ። ስላልመለስኩልሽ ይቅርታ አልጠይቅሽም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አልጻፍኩም። ሱቅ ውስጥ ለአንዲት እናት የልጇን መነጽር ሳስተካክል ልጅቷን «ቁመትሽ ስንት ነው?» አልኳት፤ ለመነጽር ቁመት ምን ያደርጋል? እናትየዋ ግራ ገብቷት አየችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አሳታሚው ዘንድ ሄድኩ። ዋሻውን መተዌን ነገርኩት። ሁለተኛው ክፍል ከእናትየዋ ይጀምራል፣ ስልሳኛው ገጽ ላይ ወዴት እንደወጣች ይናገራል፣ አክስትየውም ችሎት ትቀርባለች አልኩት። ጠረጴዛው ላይ የቀይ ክርና የሰማያዊ ክር ናሙና ነበረው፤ ከመጽሐፉ ጋር ሊያድለው። «አንባቢሽ ይሄን አይፈልግም» አለኝ። አንባቢዬ ጠይቃኛለች አልኩት። «ስንት ናቸው?» አለ። አንድ አልኩት። ሳቀ። «ውል አለብሽ እኮ» ሲለኝ፣ ውሉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ አነበብኩለት፤ ሁለተኛ ክፍል ይላል እንጂ ዋሻ አይልም። እንግዲህ ያትመዋል ወይ አያትመውም። ካላተመው የፎቶ ኮፒ ማሽን ያለበትን ሱቅ አውቀዋለሁ፤ ከእኛ ሱቅ ሁለት በር ወረድ ብሎ ነው።

«አጨብጫቢውን አዳራሽ ሰረዝሽው ወይ?» ብለሽ በሁለተኛው ካርድ ጠይቀሽኛል። ሰርዤዋለሁ። አዲሱ ላይ ማንም አያዛትም። አክስትየው ቆማ በእጅ ቁመት የመለካቱን ነገር ራሷ ትናገራለች። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ሦስተኛውን ከንባብ ክበቦቹ ለአንዱ ወስጄ አነበብኩላቸው። ስለ ባለ ጠባሳው እንዳወራላቸው ነበር የጠሩኝ፤ ክራቸውን አስረው ተደርድረው ተቀምጠዋል። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ሁለት ልጆች እንዲያውም ሰዓታቸውን አዩ፤ ልደብቅሽ አልፈልግም።

ያቺ ስለ ውሃው የጻፈችልኝ ልጅ ግን ከኋላ ተነሣች። እሷ መሆኗን ያወቅሁት ስትጠይቅ ነው። «አክስትየው ይቅርታ ጠየቀች?» አለችኝ። አልጠየቀችም አልኳት። «ልጅቷስ ተቆጣች?» አለችኝ።

እቴቴ፣ ሦስት መቶ አሥር ገጽ ጽፌ ልጅቷ አንድም ቦታ አልተቆጣችም። ታለቅሳለች፣ ትመሰክራለች፣ ትረዳለች። ግንብ ሁሉ ታፈርሳለች። አትቆጣም። አልተቆጣችም አልኳት። «ለምን?» ስትለኝ አፌ ቀደመኝና «ከአክስቷ ሌላ ሰው ስለሌላት ነዋ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደጠየቀኝ አላስታውስም።

የፈተና ካርዴን ይዤ እየሮጥኩ ስመጣ ደጃፉ ላይ ቆመሽ ነገርሽኝ። ያንን ቀን ታስታውሻለሽ፤ «ምንኛ ጨዋ ልጅ ናት፣ ድምጿንም አላሰማች» እያልሽ ለሰው ስትናገሪ ሰምቼሻለሁ። ጨዋነት አልነበረም። ካንቺ ጋር ከተጣላሁ የማድርበት ቤት አልነበረኝም። ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆንም ይሄን አውቅ ነበር። እናቴን ሳላያት፣ ቀብሯን ሳላይ፣ ያንን ያደረገውን ሰው እጅ ይዤ ራት በላሁ። ከዚያ በአንቱታ ማኩረፍ ብቻ ለመድኩ።

አሁን ቤት አለኝ። ሥራ አለኝ። የመመለሻ ትኬትም ቆርጫለሁ። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ላጽናናሽ አይደለም፣ ልታረቅሽም አይደለም፤ ልቆጣሽ ነው የምመጣው። በደብዳቤ አይሆንልኝም፤ ሞክሬው አራት ጊዜ ቀደድኩት። ከተቆጣሁ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ምዕራፉም እዚያ ላይ ቆሟል።

ችኩሌ


ጥር 16

ችኩሌ፤

ቅዳሜ የትም አልሄድም። መናኸሪያ ድረስ ትመጣለች ብለሽ እንዳትጠብቂኝ፤ እኔ ከተቀበልኩሽ መንገድ ላይ ሻንጣ ስንከፋፈል ንዴትሽ ይበርድብሻል። በራስሽ ነይ፤ ደጁ ክፍት ነው።

ምን ላብላሽ፣ ምን ልሥራልሽ ብዬ አልጨነቅም። ዝም ብዬ የምሰማሽም አይምሰልሽ። እውነት ስትዪ ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ፤ የማላምንበትን ስትዪ እመልስልሻለሁ። አልቅሼም አላስፈራራሽም። ስለ እናትሽ የምትጠይቂኝ ካለ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ቁጭ ብዬ እነግርሻለሁ፤ ምን ለብሳ እንደነበርም፣ ምን እንዳለችም።

አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ግድግዳው ስስ ነው፤ የጎረቤቴ ልጅ ቅዳሜ ቤት ትውላለች፣ እናቷም ጆሮዋ ደህና ነው። ሰፈሩ እኔን የሚያውቀኝ እህቷን አስታማ፣ የእህቷን ልጅ አሳድጋ እንደኖረች ሴት ነው። መስኮቱን ልዝጋው ብዬ ተነሣሁ፤ እጄ መዝጊያው ላይ ደረሰ። ከዚያ ተውኩት። ይስሙ።

አክስትሽ